ለእንግዳ የተቀመጠው አንሶላ

አያቴን ላከብራት ብዬ ገደልኳት። ደግነቱ ለአንድ እሑድ ብቻ ነው። ቆቦ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም በራሱ መንገድ ነው የሚያወራው። አንዳንዱማ አያቴ ከሬሳ ሳጥን ተነስታ ዳቦ ቆረሰች ይላል። ሳጥን አልነበረም። ዳቦው ግን ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከባለጉዳይዋ አፍ ስሙት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በዚያን ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ የተመለስኩ፣ ቆቦ ውስጥ ሥዕል የሚገዛ እንደሌለ ለመረዳት ግን ዘግየት ያልኩ ልጅ ነበርኩ። የምኖረው ከአያቴ ከእማማ ስንዱ ጋር ነው። እንጀራዬ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ ነበር። ባጃጁ ላይ አንበሳ አሥሎ የሚያውቅ ሁሉ ስጨርስለት ራቅ ብሎ ያይና "ትንሽ ፈገግ አድርጊው" ይለኛል። ከዋጃ እስከ ሮቢት ጥርሳቸውን እያሳዩ የሚሮጡት አንበሶች የእኔ ናቸው።

አንድ ቀን ደሴ ላይ የሥዕልና የእጅ ሥራ ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ደወለልኝ። አዘጋጁ ልበለውና ልለፍ። "ርዕሳችን 'የእናቶች ዝምታ' ነው" አለኝ። "ከቆላው፣ ከራያ በኩል፣ ድምፅ የሌለው ጩኸት ያስፈልገናል። ጨርቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። አሮጌ የቤት ጨርቅ፣ ትዝታ ያለበት።" ድምፅ የሌለው ጩኸት ምን እንደሆነ ባይገባኝም አለኝ አልኩት። ያን ያህል ጊዜ አንበሳ ሳስቅ ከርሜ "አርቲስት" ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ለዚያ ስል ጩኸቱንም ዝምታውንም አመጣ ነበር።

ጨርቅ ከተባለ ደግሞ እኛ ቤት ሞልቷል። አያቴ ቤት ዳንቴል ያላለበሰችው ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የፍሪጁ እጀታ ሳይቀር ለብሷል። የውኃው ጀሪካን የዓመት በዓል ልብስ አለው። ሮቢት ያለው አጎቴ የገዛላት ሞባይል ዳንቴል ኪስ ተሠርቶለት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። "ስትወጪ ያዢው እንጂ እማማ" ስላት "ይቧጨራል" ትለኛለች። ይህን ሞባይል አደራ አትርሱብኝ።

ከሁሉ በላይ ግን አንሶላው ነበር። አቡጀዲ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር የተጠለፈ። በግራና በቀኝ ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በላያቸው በቀይ ክር "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ተጽፏል። ጥንድ የትራስ ልብስም ነበረው፣ እኛ ቤት ያለው ግን አንዱ ነው። አንሶላው ለእንግዳ የተቀመጠ ነው ይባላል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ማንም እንግዳ ተኝቶበት አላየሁም። የንስሐ አባቷ አድረው ያውቃሉ፣ አማቾች መጥተው ያውቃሉ፣ አጎቴ ከነሙሽራው መጥቷል፤ ሁሉም ያደሩት በተራ አንሶላ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከተማው ሲሸሽ አያቴ ድስቱንም ዱቄቱንም ትታ አንሶላውን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው የወጣችው። ተራራ ሥር አድረን ብርድ ሲያንዘፈዝፈን "ይሄ የእንግዳ ነው" ብላ አላለበሰችንም።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አያቴ ዋጃ የምትኖር አንዲት ታናሽ እህት አለቻት፣ አበዙ የምትባል። ዋጃ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ሁለቱ ግን እናቴ ሳትወለድ ጀምሮ አይነጋገሩም። ሽማግሌ ገብቶበታል፣ ቄስ ገብቶበታል፣ ምንም ጠብ አላለም። የእህቷ ስም ሲነሳ አያቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በምን እንደተጣሉ ስጠይቅ ዘመድ ሁሉ እየሳቀ "በአንሶላ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ቀልድ ይመስለኝ ነበር። እማማ አበዙን የማውቃቸው የዘመድ ለቅሶ ላይ ነው፣ ከሩቅ። ሁለቱ እህትማማቾች ድንኳኑን ለሁለት ከፍለው ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ሆኖም አያቴ ከዋጃ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ ስለ ማሽላው ትጠይቃለች፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት "ደህና ናት ያቺ?" ትላለች። መልሱን እስክትሰማ ትንፋሿን ትይዛለች።

እንግዲህ ስለ ትርኢቱ ነገርኳት።

"እማማ፣ አንቺን የሚያከብር ሥራ ልሠራ ነው፤ አሮጌ ጨርቆችሽን ስጪኝ።"

"እኔን ለማክበር አሮጌ ጨርቅ ምን ያደርጋል? አዲስ ልብስ አልብሽኝ እንጂ።"

ብዙ ካስረዳኋት በኋላ ከአልጋዋ ሥር ሳጥኑን ጎተተች። ዳንቴሎች አወጣች፣ አንገቱ የተጠለፈ የሙሽርነት ቀሚሷን አወጣች። ከዚያ ትንሽ ቆም ብላ አንሶላውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄንንም?" አልኳት ደንግጬ። "ለእንግዳ አልነበር?"

"የትኛው እንግዳ?" አለች ሳጥኑን እየዘጋች። "የሚመጣ ቢሆን እስካሁን ይመጣ ነበር። ውሰጂው፣ ቅደጂው።"

እኔ የሰማሁት "ውሰጂው" የሚለውን ብቻ ነው። ልቤ ደሴ ገብቶ ነበር።

ሥራው ብዙ ሳምንት ፈጀ። አንሶላውን የሥራው ዳራ አደረግሁት፤ ዳንቴሉን ዙሪያውን ሰፋሁት፤ በሁለቱ ጣዎሶች መካከል ያለውን ቀድጄ የአያቴን ፊት ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሠራሁበት። እሷ እየመጣች በሩ ላይ ትቆማለች።

"ፊቴን ከፍራሽ ጨርቅ ነው የሠራሽው?"

"ቀለሙ ስለገጠመ ነው፣ እማማ።"

"አፌስ ለምን ተዘጋ?"

"ዝምታሽን ለማሳየት ነው።"

"የማንን ዝምታ?" ብላ ሄደች። ያን ለታ ለአዘጋጁ የምልከውን ማብራሪያ እየጻፍኩ ነበር፤ "ይህ ሥራ ለዘመናት አንደበቷ የታፈነ የራያ እናት የምትናገርበት ቋንቋ ነው" የሚል። ይህንን ስጽፍ የራያዋ እናት ውጭ ከጎረቤት ዶሮዎች ጋር ስትጣላ ድምፅዋ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መኪናው ሰኞ ጠዋት መጥቶ ሥራዬን ሊወስድ ተቀጠረ። እሑድ በጧት አያቴ የአጎቴን ልጅ ክርስትና ልታስነሳ ሮቢት ሄደች። ስትወጣ "ቁርስ ብይ" አለችኝ፤ እኔ ስልኬን እያየሁ "እሺ" አልኳት። የእሷ ስልክ እንደ ልማዱ ዳንቴሉን ለብሶ ቀረ።

ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ሥራዬን በጥሩ ብርሃን ፎቶ ላነሳው ፈለግሁ። ከግቢው በር እስከ ኒሙ ዛፍ ገመድ ወጠርኩና ሰቀልኩት። አጠገቡ ለማነጻጸሪያ ያህል የሙሽርነት ቀሚሷን ሰቀልኩ። ፊቷ መምሰል አለመምሰሉን ለማየትም ግድግዳ ላይ የነበረውን ትልቁን ፎቶዋን አውርጄ ቀሚሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ፎቶ አነሳሁ። መስቀያ ዘንግ እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ፣ ጨርቁ አየር ይምታው ብዬ ግቢውን ክፍት ትቼ እሑድ የሚሠራ አናጺ ፍለጋ ወጣሁ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ይወጣል። ቀሚሱም፣ ነጠላውም፣ ፎቶውም ግቢ ውስጥ ይሰቀላል፤ አልቃሿ እያነሳች፣ እያሳየች ታስለቅሳለች። ይህን እኔ አጥቼው አይደለም። ቆቦ ተወልጄ ስንት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ዘግኛለሁ። ግን ሥዕል የተማረ ሰው የተሰቀለ ልብስ ሲያይ የሚታየው ብርሃንና ጥላ ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ዓይን ደግሞ ብርሃንና ጥላ አልተማረም።

አናጺው አላህ ይስጠው ቶሎ አልለቀቀኝም። ዘንጌን ይዤ ባጃጅ ስይዝ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበረች። ባለባጃጁ አንበሳ የሳልኩለት ልጅ ነው። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ራሄል፣ እግዜር ያጽናሽ" አለኝ።

"በምን?"

"አልሰማሽም እንዴ? እማማ ስንዱ እኮ አረፉ።"

ሮቢት፣ ክርስትናው ላይ፣ አጎቴ ቤት ወድቃ ታየችኝ። ዘንጉ ከእጄ ወደቀ። "ቁርስ ብይ" ስትለኝ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋት። ቁርስም አልበላሁም ነበር። ይህንን እያሰብኩ ባጃጁ ውስጥ በሕይወቴ አልቅሼ የማላውቀውን ለቅሶ አለቀስኩ። ልጁ ዘንጉን አንስቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። በእኛ አገር እድሩን ቅሬ እንለዋለን፤ የእኛ ሰፈር ቅሬ ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ሞላ ድንኳን በፍጥነት በማስተከል አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው። እየጮህኩ ገባሁ። የተቀመጡት ሴቶች እኔን ሲያዩ እንደገና ተነሱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቡኝ። እኔ የማለቅሰው እነሱ ስላለቀሱ ነው፤ እነሱም እኔ ሳለቅስ ቢያዩ ጊዜ የቀረቻቸውን ጥርጣሬ ጣሉ። እንዲህ እየተያየን ብዙ አለቀስን። ከበላያችን በቀይ ክር "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው ጽሑፍ ለቀስተኛውን ሁሉ ይቀበላል።

ድምፄ ሲዘጋ ከእትዬ ዘሃራ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እትዬ ዘሃራ፣ ማን ደወለላችሁ? አጎቴ ነው?"

"አስከሬኑ መቼ እንደሚመጣ ልንጠይቅ ያጎትሽን ስልክ ስንመታ ነው የዋልን፣ አያነሳም። ሐዘኑ ከብዶት ነው።"

"እና ሞቷ ከየት ተሰማ?"

እትዬ ዘሃራ በሐዘኔታ አየችኝ። "ካንቺ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ልብሷን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽ? እኔ በበሩ ሳልፍ ቀሚሷን አየሁ፣ ፎቶዋን አየሁ። ኢናሊላሂ ብዬ ጮህኩ።"

እንባዬ ባለበት ቆመ። የእጅ ስልኬን አውጥቼ ሮቢት ደወልኩ፤ አጎቴ አያነሳም። የአያቴን ስልክ መታሁ። ከቤት ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ፣ ዳንቴሉ አፍኖት፣ ጠራ። ለቀስተኞቹ አዳመጡት። አንዷ "የሟች ስልክ" ብላ እንደገና አለቀሰች።

ወደ ጋሽ ሞላ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እማማ አልሞተችም መሰለኝ።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። "እኔም አባቴ ሲሞት እንዲሁ ብዬ ነበር፣ ልጄ። ይለመዳል።"

"እውነቴን ነው። እኔ እኮ ልብሷን የሰቀልኩት ለሥዕል ነው።"

"ለሥዕል የሰው ልብስ ከነፎቶው ይሰቀላል?" አሉ። "ደግሞስ መሰለኝ ተብሎ ድንኳን አይነሳም። ዋጃም ተደውሏል፣ እህታቸው እየመጡ ነው።"

ሽማግሌና ቄስ ያላመጣቸውን ሴት የእኔ የልብስ ገመድ አምጥቷቸዋል። ሲመጡ ምን ልላቸው ነው? እማማ ደግሞ ከሮቢት ስትመለስ ምን ልትሆን ነው? ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የሟቿ በሕይወት መኖር እንደ ሐሰተኛ እንዳያስቆጥረኝ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ አያቴ እንዳልሞተች ባወቅሁ በደቂቃዎች ውስጥ ስለ ስሜ ማሰብ ጀመርኩ።

ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር ቆመ። እማማ አበዙ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ገቡ። ቀጭን፣ ከአያቴ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ አፍንጫቸው ግን ያው ራሱ ነው። ደረት አልመቱም፣ አልጮኹም። ቀጥ ብለው ወደ ገመዱ ሄዱና ሥራዬ ፊት ቆሙ። ጣታቸውን በግራው ጣዎስ ጭራ ላይ አስኬዱት። ከብብታቸው የታጠፈ ነገር አወጡ። ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ ትንሽዬ ጣዎስ ያለበት የትራስ ልብስ ነው። ከሥራዬ ሥር መሬት ላይ ዘረጉት።

"ይኸው አመጣሁልሽ፣ እታለሜ" አሉ። "አብረን የጠለፍነውን ለብቻዬ ይዤ ምን ላደርገው።"

አጠገባቸው በርከክ አልኩ። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁኝም፤ ለጣዎሱ የሚነግሩት ይመስሉ ነበር።

"ይቺ የግራዋ የኔ ናት። ያቺ የሷ። ልጅ ሆነን ባንድ ኩራዝ ተቀምጠን ነው የጠለፍናቸው። እሷ አገባችና ይዛው ሄደች፣ ይሁን አልኩ። ናፍቃኝ ልጠይቃት መጣሁ። ያን ቀን ደግሞ አንድ ትልቅ ሹም ቤቷ ሊያድር መጣ። ለሱ ይሄን አነጠፈች። ለኔ ጆንያ ዘረጋችልኝ። 'አንቺማ ቤተኛ ነሽ' አለችኝ። በገዛ እጄ በጠለፍኳት ወፍ ላይ የማላውቀው ሰው ሲያንኮራፋ እየሰማሁ አደርኩ። ሲነጋጋ ከራስጌው ይችን የትራስ ልብስ ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ራሱ መደቡ ላይ ሲመታ ሰምቻለሁ።"

ጎናችን ያሉት ሴቶች ሳቅ እንዳይሆንባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሳጥኑ ታየኝ፤ ዓመት በዓመት መታጠቡ፣ ከጦርነት በአንገት መውጣቱ፣ ለማንም አለመነጠፉ፣ እና በመጨረሻ "የሚመጣ ቢሆን እስካሁን ይመጣ ነበር" መባሉ። እንግዳዋ ማን እንደነበረች ገባኝ። አንሶላው ግን ተቀዶ፣ ተሰፍቶ፣ ለደሴ ተዘጋጅቷል።

ይህን እያሰብኩ ሳለ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። አያቴ የክርስትናውን ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋለች። ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ስታይ ዳቦውን ለባለባጃጁ አስታቅፋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እንደ ደንቡ እያለቀሰች ገባች። "ዘሃራዬን" ትላለች፣ "ያ ደም ብዛቷ ጨረሳት፣ ዘሃራዬን"። እትዬ ዘሃራ ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ተሸክማ ከጓዳ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እትዬ ዘሃራ "አኡዙ ቢላሂ" ብላ ሰፌዱን ለቀቀችው። አያቴም ሟቿን በቁሟ አይታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"እና ማነው የሞተው?" አለች አያቴ።

ጋሽ ሞላ፣ ኃላፊነት ስላለባቸው፣ ተነሱ። "እርስዎ ነዎት" አሉ።

"እኔ? መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። ልብስዎ ወጥቶ።"

አያቴ ገመዱን አየች፣ ፎቶዋን አየች፣ እኔን አየች። የሚመጣብኝን ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ዞር ብላ የድንኳኑን ሰው ከዳር እስከ ዳር ቃኘች። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ልቧ መዝግቧል። "ሰዉስ ደህና መጥቷል" አለች። ይህን እያለች ነው ዓይኗ እህቷ ላይ ያረፈው።

እማማ አበዙ ከመሬት ተነስተው ቆመዋል። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ አልደረቀም። ጎንበስ ብለው የትራሱን ልብስ አነሱ፣ አራገፉት፣ አጠፉት፣ ወደ ብብታቸው መለሱት።

"የመጣሁት ለሞተችው እህቴ ነበር" አሉ። "አለች ከተባለ መኪና ሳይጠፋ ልሂድ።"

ጋሽ ሞላ መሐል ሊገቡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁለቱም እኩል "ተቀመጥ" አሏቸው። ጋሽ ሞላም ተቀመጡ። እማማ አበዙ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። አያቴ ልትይዛቸው እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። በሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው ድምፅዋ የወጣው።

"መሽቷል፣ አበዙ። እዚሁ እደሪ።"

እማማ አበዙ ሳይዞሩ ቆሙ። "የት ላይ? ጆንያው አለ እስካሁን?"

አያቴ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ከዶሮ ጋር ስትጣላ አስፋልት ላይ የምትሰማዋ ሴት መልስ አጣች። አዘጋጁ ከደሴ ድረስ የሚፈልገውን የእናቶች ዝምታ ያን ጊዜ አየሁት፤ ፎቶ ላንሳው እንኳ አላልኩም። ያቺ ሴት ከበሩ ከወጣች ሁለቱ የሚገናኙት ከእንግዲህ በእውነተኛው ድንኳን እንደሆነ እዚያ የነበረ ሁሉ አውቋል።

"ራሄል" አለች አያቴ እህቷን እያየች። "ያን አውርጂ።"

"የቱን?"

"አንሶላዬን ነዋ። እንግዳ መጥቷል፣ አንጥፊ።"

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር እምቢ ማለት ነበር። "እማማ፣ ነገ ጠዋት እኮ መኪናው ይመጣል" አልኳት።

"ይምጣ።"

"አሁን አንሶላ አይደለም እኮ። ተቀዷል፣ ፊትሽ ተሰፍቶበታል።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ሳዞርባት የኖርኩት ፊት ነው" አለች። "ትተኛበት።"

እማማ አበዙ ዞሩ። እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ ያን ሁሉ ሳምንት ጣቴን በመርፌ የወጋሁበትን፣ አርቲስት ያሰኘኝን አንድ ሥራዬን ከገመዱ አወረድኩ። ሳወርደው አለቀስኩ። ለቀስተኛው በደስታ ያለቀስኩ መስሎት እልል አለ።

አነጠፍነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሴት ሁሉ መኝታ ቤት ገብቶ አዛዥ ሆነ። የእኛን የትራስ ልብስ አወጣሁ፤ እማማ አበዙ የራሳቸውን ከብብታቸው አውጥተው ራሳቸው ትራሱን አለበሱት። ሁለቱ ትንንሽ ጣዎሶች ጎን ለጎን ሆኑ። እማማ አበዙ አንሶላውን ሲመረምሩ ቆዩና "ይሄ ፊት ከምን ጨርቅ ነው?" አሉኝ።

"ከፍራሽ፣ እማማ።"

"ገጥሟታል" አሉ። ከዚያ ጎናቸውን አሳርፈው እግራቸውን ዘረጉ፣ ልክ የተሰፋው የአያቴ አፍ ላይ። አያቴ ከእግርጌ ቆማ፣ "እኔስ የት ልተኛ?" አለች።

እማማ አበዙ ዓይናቸውን ጨፍነው "አንቺማ ቤተኛ ነሽ" አሏት።

አያቴ ራሷ ሄዳ ጆንያውን አመጣች፣ ራሷ አልጋው ሥር ዘረጋችው። የክርስትናውን ዳቦ ለቀስተኛው በልቶ ተበተነ። ድንኳኑ ግን በሦስተኛው ቀን ነው የተነሳው፤ ጋሽ ሞላ ደንብ ደንብ ነው አሉ።

ሰኞ ጠዋት አዘጋጁ ከመኪናው ጋር ራሱ መጣ። "ሥራው የት አለ?" ሲለኝ በጣቴ መኝታ ቤቱን አሳየሁት። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ አንሶላው እግራቸው ላይ፣ የሞተ ሰው ሁሉ ስም እየጠሩ ያወራሉ። መቼ ከጆንያው ወደ አልጋው እንደተወጣ አላውቅም። አዘጋጁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ይሄ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "አልጋው ከነሰዎቹ ይጫን።"

"አንተ ማነህ ሰው ሳይነሳ መኝታ ቤት የምትገባ?" አለች አያቴ። ሰውየው ከክፍሉ ወጣ፤ እኔ አስፋልቱ ድረስ ሸኘሁት። የወሰደው ማብራሪያውን ብቻ ነው። ደሴ ላይ ባዶ ግድግዳ አጠገብ ለጠፈው አሉ። ሰው ግድግዳውን እያየ እንባ አወጣ፣ አንዱም "እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም" አለ ብለው ነገሩኝ። እስከ ዛሬ በጣም የተደነቀልኝ ሥራ እሱ ነው።

አንባብያን ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ባጃጅ ላይ አንበሳ አሁንም እስላለሁ፣ አሁንም ፈገግ አስደርጋለሁ። ዘንጉን እማማ አበዙ ምርኩዝ አድርገውታል። ስለ ጨርቅ ግን የማውቀው ተለውጧል። ሰዎች የአያቶቻቸውን ጥልፍ ይዘው "ለግድግዳ አድርጊልን" ብለው ይመጡብኛል፤ እኔም ባለቤቷ በሕይወት አለች ወይ፣ ጨርቁ ለማን ተቀምጦ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ አያውቁም። ሂዱና ጠይቁ ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ስለዚህ ሥራ አላገኝም።

የእናንተም ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ነገር አይጠፋም። እኔ ይህን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ የማን እንደሆነ የገባኝ ከቀደድኩት በኋላ ነው። እናንተ ሳይቀደድ ጠይቁ። መልሱን የሚሰጣችሁ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞርም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።

እማማ አበዙ አሁን በየወሩ ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር ያው አንሶላ ይነጠፋል። በመታጠብ ብዛት የግራዋ ጣዎስ ጭራ ክሩ እየተፈታ ነው፣ የአያቴ አፍም በአንድ በኩል ተተርትሮ ተከፍቷል። ባለፈው "እማማ፣ ይህ ነገር እኮ እያለቀ ነው፤ ልስፋው ወይስ እናስቀምጠው?" አልኳት።

"ይለቅ" አለችኝ፣ ለእህቷ ትራሱን እያስተካከለች። "ተቀምጦማ አይተነዋል።"